ኧርዝ የተደረገ የብረት ኬብል ትሬይ፦ ክረምቱን እንዴት አለፈው?

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ትንሽ የድምፅ ስቱዲዮ አለችኝ። ከሥር የበርና መስኮት ብየዳ ቤት፣ ከጓሮ በድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) የሚሠራ የውሃ ፓምፕ አለ። ማሲንቆ ስትቀርፅ የሁለቱም ረብሻ በገመዱ ይገባልሃል። ስለዚህ ከክረምቱ በፊት የማይክና የኔትወርክ ገመዶችን በጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ትሬይ፣ ማለትም ገመድ በሚደረደርበት የብረት አሸንዳ፣ እና በብረት ኮንዲዩት (ቱቦ) አስገብቼ ብረቱን ከኧርዝ (ከመሬት መስመር) ጋር አሳሰርኩ።

የፓምፑ ፉጨት ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የብየዳው ጭርታ ግን ቀነሰ እንጂ አልለቀቀንም። ወሳኝ ቀረጻ ሲኖር አሁንም ወደ ታች ወርጄ «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» ማለቴ አልቀረም።

ሻጩ ስለ ብረቱ ውፍረት ብዙ አወራ። ሥራው ያለው ግን መጋጠሚያው ላይ ነው። ትሬዮቹ በቡሎን ሲያያዙ ለዓይን አንድ ይመስላሉ። መሃላቸው ቀለም ወይም ዝገት ካለ ግን ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ያ ቁራጭ መከላከሉ ቀርቶ እንደ አንቴና ረብሻ ሊቀበል ይችላል። ኤሌክትሪሺያኑ የተለመደውን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ሊያስር ነበር። እሱ ሰውን ከመንዘር ለመጠበቅ ይበቃል። እንደ ድራይቩ ረብሻ ላለ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ግን ረጅም ቀጭን ሽቦ ራሱ እንቅፋት ነው። እንደ ሽሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ መዳብ ይሻላል፤ ርዝመቱ ከስፋቱ 5 እጥፍ ባይበልጥ ደግሞ ጥሩ ነው።

«በአንድ ጫፍ ብቻ እሰረው» የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። ያ ለአንዳንድ የድምፅ ገመድ ሺልድ (ሽቦውን የሚከልል የብረት ልባስ) ያስኬዳል። ትሬይና ኮንዲዩት ግን ሁለቱም ጫፍ ይታሰራል።

የፈተነን ክረምቱ ነው። በረንዳው ላይ፣ እርጥበትና ዝናብ በሚያገኘው በኩል፣ ባዶ መዳቡ ጋልቫናይዙን የነካበት ቦታ ነጭ ዱቄት አወጣ። በቴስተር ሲለካ ሬዚስታንሱ ጨምሯል። ፍቀን፣ በቲን የተለበጠ ሽሩባና አዲስ ሮንዴላ ቀየርንበት። የውስጦቹ ምንም አልሆኑም። ውጭ የሚዘረጋ ሰው ከመጀመሪያው የተለበጠውን ይግዛ። የዋጋው ልዩነት ከዳግም ሥራው ያንሳል።

የመብራት ገመድ በዚህ ትሬይ አላስገባሁም፤ መገናኘት ግድ ሲሆን በ90 ዲግሪ ይሻገራሉ። ይህ ብር አይጠይቅም፣ ጥቅሙ ግን ቀላል አይደለም።

ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሰካ የሚመጣው እምምታ እንዳለ ነው። እሱ የግራውንድ ሉፕ (መሣሪያዎች ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ከኧርዝ ሲገናኙ የሚፈጠር ዙር) ጣጣ ስለሆነ ትሬዩን አልወቅሰውም። በድምፅ ትራንስፎርመር ነው የገላገልኩት።