የሞተር ሳይክል ጎማ በቤቴ መቀየርን ላስተማሩኝ የሐዋሳ ጎሚስታ

በሐዋሳ ከተማ በጎሚስታነት የሚተዳደሩ አንድ አባት የሞተር ሳይክሌን ጎማ በግቢዬ ውስጥ በገዛ እጄ እንድቀይር ስላስተማሩኝ በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ በመሆኔ በሁላና በቦርቻ የገጠር ቀበሌዎች እመላለሳለሁ፤ ጎማ በተነፈሰበት ቦታ ሁሉ ጎሚስታ ስለማይገኝ ሙያውን የፈለግሁት ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ አልነበረም።

ጥያቄዬን ሳቀርብላቸው ገበያቸውን የምነካባቸው መስሎ አልታያቸውም። ለጊዜያቸው ተገቢውን ዋጋ ተቀብለው ቤቴ ድረስ መጡ፤ ከመጡም በኋላ አንድም ዳዶ ሳይፈቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እኔኑ አሠሩኝ። በመጀመሪያ የገዛሁትን ጎማ እንዳነብ አዘዙኝ። 3.00-17 የሚለው የጎማው ስፋት 3 ኢንች፣ የሚገጠምበት ቸርኬ ደግሞ 17 ኢንች መሆኑን ያመለክታል። በጎኑ የታተሙት 4 አሃዞች የምርቱን ሳምንትና ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚናገሩ 2324 ማለት የ2024 23ኛው ሳምንት ነው፤ ይህንን በእኛ አቆጣጠር አስበው «ገና ያልተመረተ ጎማ ሸጠልኝ» በማለት ከነጋዴ ጋር የተጣሉ ደንበኞች እንዳሏቸው ሲያጫውቱኝ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ስለ ጎማው ጠርዝ የሰጡኝ ማብራሪያ ነው። ጠርዙ በውስጡ የብረት ሽቦ ስላለው አይለጠጥም፤ ስለዚህ በማውለቂያ ብረት የቱንም ያህል ቢታገሉት ቦታ ካላገኘ አይወጣም። ቦታ የሚገኘው ብረቱ ከገባበት ትይዩ ያለውን ጠርዝ በጉልበት ተጭኖ በቸርኬው መካከል ወዳለው ዝቅ ያለ ቦይ በማስገባት ሲሆን፣ ያን ጊዜ በዚህኛው ወገን ጠርዙ ስለሚላላ በትንሽ በትንሹ ይወጣል። ሲገጠምም ያው ነው፤ ቫልቩ ባለበት ቦታ የውስጥ ጎማው ጠርዙን ወደ ቦዩ እንዳይወርድ ስለሚያግደው ሥራው ከቫልቩ ትይዩ ተጀምሮ ቫልቩ ዘንድ ይጠናቀቃል። የውስጥ ጎማው ቅርጹን እንዲይዝና በብረቱ እንዳይቆነጠጥ አስቀድሞ ጥቂት ንፋስ ይሞላበታል፣ ጠርዙም በሳሙና ውኃ ይታሻል። የአዲሱ ጎማ ቀስት ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ መዞሩን ከመግጠም በፊት ማየት ያስፈልጋል።

የኋላውን እግር ወደ ቦታው ስመልስ ግን ቆመው ተቆጣጠሩኝ። ካቴናውን ስወጥር በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል መሆናቸውን፣ በተለይም የፍሬኑን ክዳን ከሞተር ሳይክሉ አካል ጋር የሚያያይዘው ዘንግ መታሰሩንና መቆለፊያ ሽቦው መግባቱን እየነኩ አረጋገጡ። ይህ ዘንግ ሳይታሰር ከተነዳ ፍሬን ሲያዝ ክዳኑ አብሮ ዞሮ እግሩን ሊቆልፈው ይችላል። በእኔ ግምት የከፈልኩት ገንዘብ ለዚህች ፍተሻ ብቻ እንኳ አይበዛም።

የውስጥ ጎማ የሌለውን ዓይነት በቤት መቀየርን አያበረታቱም፤ ጠርዙ ከቸርኬው ጋር እንዲጣበቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ንፋስ ስለሚፈልግና ይህንንም የእጅ መንፊያ በቀላሉ ስለማይችለው ወደ ሱቃቸው ይዛችሁ እንድትመጡ ይመክራሉ። በተጨማሪም ሥራቸው ዝግ ያለ ነው፤ የሚጣደፍ ሰው ሌላ ጎሚስታ ቢፈልግ ይሻለዋል። ጎማ ስለማይሸጡ ቀድማችሁ መግዛት ይኖርባችኋል። እሑድና በበዓላት አይሠሩም። አድራሻቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ፤ ስትደውሉላቸው የሞተሩን ዓይነትና በአሮጌው ጎማ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብትነግሯቸው የሚያስፈልገውን መፍቻ ይዘው ይመጣሉ።