ኬንያን በሞተር፦ የራስን ይዞ ወይስ ናይሮቢ ተከራይቶ?

ከደብረ ማርቆስ የራስን ሞተር ይዞ መውጣት ርካሽ ይመስላል። ግን አባይ በረሃን ወርዶ፣ አዲስ አበባን አልፎ ሞያሌ እስኪደረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ናይሮቢ ገና ሩቅ ናት፤ መመለሻም አለ። ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ አልጋ፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ኢንሹራንስ (ድንበር ተሻግሮ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሠራ)፣ የድንበር ወረቀት፤ ሁሉም ብር ነው። ጊዜ ላለው ብቻ ያዋጣል።

የዓመት ፈቃዱ አጭር ለሆነ ሰው ግን ትኬት ቆርጦ ናይሮቢ መከራየት ይሻላል ባይ ነኝ። የቀን ኪራዩን ብቻ አትዩ። ለአከራዩ የሚሰጠው የመያዣ ገንዘብ ሞተሩ እስኪመለስ ስለሚታገድ ለመንገድ ወጪ አትቁጠሩት። የኪሎ ሜትር ገደብ መኖር አለመኖሩንና ሞተሩ ቢጎዳ ከኪሳችሁ የሚወጣው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ። እዚያ የሚነዳው በግራ ነውና ለመጀመሪያው ቀን አጭር መንገድ ያዙ።