የወንጀል ምርመራን በኢንተርኔት ለመማር የቱ ይሻላል? ነጻው፣ የሚከፈልበት ወይስ የቴሌግራሙ?

"ወንጀል ምርመራ በኦንላይን መማር ፈልጌ ነበር፤ የቱን ልግዛ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። የሕግ ተማሪዎች ይጠይቁኛል፣ ጀማሪ ጠበቆች ይጠይቁኛል፣ ሥራ ላይ ያሉ ፖሊሶችም ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው። መጀመሪያ ምንም አትግዙ።

ይህን የምለው ገንዘቤ ከተበላ በኋላ ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ "ሙሉ የወንጀል ምርመራ ኮርስ" የሚል ማስታወቂያ አየሁና 1,500 ብር ላክሁ። የመጣልኝ አንድ ዚፕ ፋይል ነው። ግማሹ አይከፈትም። ከተከፈቱት መካከል ስለ ጣት አሻራ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አለ። ሽፋኑ ተቆርጦ ወጥቷል፣ በየገጹ ግርጌ የሻጩ ስልክ ቁጥር ገብቷል። ምስሎቹን ሳይ አንጀቴ አረረ። አሻራ ሲጠና ዋናው ነገር መስመሩ የት ጋ እንደሚቋረጥ፣ የት ጋ ለሁለት እንደሚከፈል ማየት ነው። በእኔ ኮፒ ላይ ግን መስመር የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ጥቁር እድፍ ሆኗል። ፋይሉ ተጨምቆ ተጨምቆ አልቆለታል።

በኋላ ዋናውን ፈልጌ አገኘሁት። የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የጣት አሻራ መጽሐፍ ነው። 15 ምዕራፍ አለው። ምስሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ዋጋው ደግሞ ዜሮ ብር። ማንም ሰው ከኢንስቲትዩቱ ድረ ገጽ ማውረድ ይችላል። እኔ የከፈልኩት ለተበላሸው ኮፒ ነበር።

ስለዚህ የቴሌግራሙን ከወዲሁ ከዝርዝሩ አውጡት። የተሸጠላችሁ ፋይል ቢበላሽ የሚተካላችሁ የለም። ሻጩን "አልከፈት አለኝ" ብዬ ጻፍኩለት፤ መልእክቱን አይቶ ብሎክ አደረገኝ።

አሁን ወደሚከፈልበት እንምጣ። ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ መድረክ ላይ የሲንጋፖሩ ናንያንግ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የፎረንሲክ ሳይንስ (የወንጀል ማስረጃን በሳይንስ የመመርመር ትምህርት) መግቢያ አለ። ፊውቸርለርን በሚባለው ሌላ መድረክ ላይ የስኮትላንዱ ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ የግድያ ታሪክ ዙሪያ የገነባው ኮርስ አለ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ አላጣጥላቸውም። ጥያቄዬ ዋጋው ላይ ነው። ኮርሴራ ላይ ያየሁት ክፍያ በወር 49 ዶላር ነበር። ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር በነበረበት ጊዜ ይህ 2,800 ብር አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 በኋላ ዶላር 100 ብርን ሲያልፍ ያው ኮርስ ከ4,900 ብር በላይ ሆነ። ትምህርቱ ላይ የተጨመረ አንድም ገጽ የለም። ደግሞ በወር ስለሆነ ሥራ በዝቶባችሁ ከዘገያችሁ እንደገና ትከፍላላችሁ። የዶላር ካርድ የሌለው ሰው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ማስቸገር አለበት። ቪዲዮው የሚበላውን የኔት ፓኬጅም አትርሱ።

ሰርተፊኬቱን የግድ ካላችሁ ኮርሴራ ላይ የገንዘብ ድጋፍ ጠይቁ። ማመልከቻ ትጽፋላችሁ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ትጠብቃላችሁ። የማውቃቸው ሁለት ልጆች በዚህ መንገድ ተምረዋል። ያን ያህል ብር ከማውጣት ሁለት ሳምንት መታገስ ይሻላል።

የምፈራው ርካሾቹን ነው። "በቅናሽ 12 ዶላር" ተብሎ አንድ ኮርስ ገዝቼ ነበር። አስተማሪው በልበ ሙሉነት "የጣት አሻራ አይዋሽም" ይላል። ይህ ንጹሕ ሰውን የሚያሳስር ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ በኋላ ኤፍቢአይ (የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ) "በምርመራው የተገኘው አሻራ የእሱ ነው" ብሎ አንድ የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ጠበቃ አሰረ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ታስሮ ከቆየ በኋላ የስፔን ፖሊስ የአሻራውን እውነተኛ ባለቤት አገኘ። የአሜሪካ መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ የሚተነትነው የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የኢንስፔክተር ጄኔራል (የውስጥ ተቆጣጣሪ) ሪፖርት በነጻ ይነበባል። እሱን ማንበብ ከዚያ ኮርስ በብዙ እጥፍ ያስተምራል። ለመርማሪም፣ ለዐቃቤ ሕግም፣ ለተከላካይ ጠበቃም።

እኔ የምመርጠው ነጻዎቹን ነው። ከሁሉም በፊት የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣትን ትንሽ መጽሐፍ አንብቡ። የተጻፈችው ለፎረንሲክ ባለሙያ ሳይሆን ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ቀድሞ ለሚደርስ ሰው ነው። ቦታውን እንዴት እንደሚያጥር፣ ምን እንደማይነካ፣ ኤግዚቢቱን (ለማስረጃነት የተያዘውን ዕቃ) ማን ከማን እንደተረከበ እንዴት እንደሚመዘግብ ታስረዳለች። አነስ ያለች ስለሆነች ስልክ ላይም ትነበባለች።

ቀጥሎ የእንግሊዝ የፖሊስ ኮሌጅ ድረ ገጽ አለ። መርማሪዎቻቸው የሚመሩበትን መመሪያ ለሕዝብ ክፍት አድርገውታል። በተለይ ከተጠርጣሪና ከምስክር ቃል አቀባበል ላይ ያለውን ክፍል አንብቡት። እዚያ አገር ስድስት ሰዎች በበርሚንግሃም ፍንዳታ ተፈርዶባቸው 16 ዓመት ከታሰሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 ነጻ ወጥተዋል። በማስገደድ ተገኙ የተባሉ የእምነት ቃሎች ያመጡትን ጣጣ ካዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ተጠርጣሪን ከማፋጠጥ ይልቅ ዝርዝር መረጃ ወደ መሰብሰብ ያዘነበለ አሠራር አስገቡ።

የውጭዎቹ፣ ነጻም ይሁኑ የሚከፈልባቸው፣ አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው። ሕጉ የእኛ አይደለም። የአሜሪካ ኮርስ ስለ ሚራንዳ መብት (ፖሊስ የያዘውን ሰው ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው የሚያሳውቅበት አሠራር) ሲያስተምር እናንተ የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 19 አጠገባችሁ ክፈቱ። የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ተገድዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንንና የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔዎችንም (የበታች ፍርድ ቤቶች የሚከተሏቸውን የሕግ ትርጉሞች) ጨምሩበት። እነዚህም በነጻ ይወርዳሉ፣ በዚያ ላይ በአማርኛ ናቸው። የሰበር ውሳኔ ጥራዞችን በገንዘብ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ።

የአክስቴ ልጅ ፖሊስ ነው። ኮርስ ሊገዛ ሲል ያቺን የተባበሩት መንግሥታት ትንሽ መጽሐፍ ላክሁለት። በሦስተኛው ቀን ደወለ። "እኛ እኮ ደም የነካውን ልብስ በፌስታል ነው የምንቋጥረው" አለኝ። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ ደሙ ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይበላሻል። ልብሱ መድረቅ፣ ከዚያ በወረቀት መታሸግ አለበት። አሁን ካኪ ፖስታ ከራሱ ኪስ ገዝቶ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጣል።