የፒያኖውን ክዳን ዘግተው ድምፄን ለመለሱልኝ መምህር

ትናንት በመዘምራን ልምምዳችን ላይ ያንን ላይኛውን «ላ» የሚባለውን ከፍ ያለ ኖታ ዘመርኩት። አልጮኽኩም፣ አገጬን ወደ ጣሪያ አላነሳሁም፣ ሲያልቅም ጉሮሮዬን አልያዝኩም። አጠገቤ የምትቆመው ጓደኛዬ ዞር ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። እኔ ግን ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ባድር ዕዳ ይሆንብኛል ብዬ ተነሳሁ።

የማመሰግናቸው ሴት የድምፅ መምህር ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም፤ የፈለገ ሰው በግል ይጻፍልኝ፣ አድራሻቸውን እሰጠዋለሁ። አስቀድሜ ግን ወደ እሳቸው እስክደርስ ድረስ ያየሁትን ልናገር። ያንን ሳታውቁ ምስጋናዬ የተጋነነ ይመስላችኋል።

መዘመር የጀመርኩት በ12 ዓመቴ ነው፤ አሁን 43 ሆኖኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሶፕራኖ ነበርኩ፣ ማለትም የመዘምራኑን ላይኛ ድምፅ ከሚይዙት አንዷ። ወደ ላይ መውጣት ለእኔ ሥራ ሆኖ አያውቅም ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ነገሩ ተበላሸ። ዜማው ሽቅብ ማቅናት ሲጀምር አንገቴ ይገተራል፣ ምላሴ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጉሮሮዬ አፉ እንደታሰረ ከረጢት ይጠብባል። ድምፁ መውጣቱ ይወጣል፤ ነገር ግን የተጨመቀና የሳሳ፣ አንዳንዴም መሃል ላይ የሚሰነጠቅ ነው። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ደግሞ ሻካራ ድምፅ ይጠብቀኛል።

መፍትሔ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት አስተማሪ አንድ ቃል ብቻ ነበረው፤ «ግፊ!» እዘምራለሁ፣ «ግፊ!» ይላል። ድምፄ ይሰነጠቃል፣ «ፍርሃት ነው የያዘሽ፣ ከሆድሽ ግፊ!» ይላል። ከሆድ መግፋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንድም ቀን አላስረዳኝም፤ እኔም አፍሬ አልጠየቅኩትም። ስገፋ ጉሮሮዬን ያመኛል፤ አመመኝ ስለው «ስላልለመድሽው ነው፣ ይለምድልሻል» ይለኛል። አራት ወር ሙሉ ተመላለስኩ። አልለመደልኝም። እሱን ግን ክፍያ በቅድሚያ መቀበል በደንብ ለምዶት ነበር።

ሁለተኛዋ በአሥር ቀን ውስጥ አንድ ሙሉ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ «ላ» እስከ ቀጣዩ «ላ» ያለውን ያህል ከፍታ፣ እጨምርልሻለሁ አለችኝ። ይህን ያመነ ሰው ሞኝ ነው ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ሞኝ ነበርኩ፤ የጨነቀው ሰው የማያምነው ነገር የለም። ያንኑ ከፍ ያለ ኖታ ደጋግሜ፣ ደጋግሜ፣ ደጋግሜ እንድጮኸው አደረገችኝ። በአራተኛው ቀን ድምፄ ጭራሽ ጠፋ። ባለቤቴ ደወለላት፤ እኔማ በምን ድምፄ ልደውል? «ትንሽ ትረፍና ትቀጥላለች፣ የተከፈለው ግን አይመለስም» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ሦስተኛው ቁስል የመጣው ከራሳችን ሰው ነው። መዘምራኑን ይመራ የነበረው ሰው በሠላሳ ሰው ፊት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ወረቀት እያገላበጠ «ዕድሜ ነው፣ ወደ አልቶ ውረጂ» አለኝ። አልቶ መሆን፣ ማለትም የሴቶቹን ዝቅ ያለ ድምፅ መያዝ፣ ነውር የለውም፤ ደስ የሚሉኝ ድምፆች አብዛኞቹ አልቶዎች ናቸው። ያቃጠለኝ አነጋገሩ ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት ከኋላ ረድፍ ቆሜ አፌን ብቻ ሳንቀሳቅስ ከረምኩ። ማንም አላወቀብኝም። ይህም ራሱ ያማል፤ ድምፅህ ሲጎድል የማይታወቅ ከሆነ መጀመሪያውኑ ምን ነበርክ?

አንድ ምሽት ልጄን ለማስተኛት መጽሐፍ ሳነብላት «እማዬ፣ ድምፅሽ አረጀ እንዴ?» አለችኝ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ክፋት አልነበረባትም። መብራቱን አጥፍቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ወደ እኚህ መምህር የሄድኩት ከተስፋ ይልቅ በእልህ ነው። አሁንም «ግፊ» ቢሉኝ ተነስቼ እወጣለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። እሳቸው ግን ዘምሪልኝም አላሉኝ። አስቀመጡኝና ስለ ሥራዬ፣ ስለ ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ስንት ሰዓት እንደማወራ ጠየቁኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቀባጠርኩ። ለካ እያዳመጡ የነበሩት ወሬዬን ሳይሆን ድምፄን ኖሯል።

«ይህ መሻከር ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አሉኝ።

«ሰባት ሳምንት ይሆነኛል።»

የፒያኖውን ክዳን ቀስ አድርገው ዘጉት። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ልጄ፣ ዛሬ አላስተምርሽም» አሉ። «ከአራት ሳምንት ያለፈ መሻከር ሐኪም ሳያየው መምህር እጁን አያስገባበትም። እኔ የምሰማው ድምፅሽን ነው፤ ውስጡን የሚያይልሽ ሌላ ሰው ነው።» ከዚያ ቁራጭ ወረቀት አውጥተው ለሐኪሙ የምነግረውን ጻፉልኝ፤ መቼ እንደጀመረ፣ ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ፣ ስውጥ ያመኛል ወይስ አያመኝም። ገንዘብ ሳቀርብላቸው መዳፌን አጥፈው መለሱልኝ። «ምን ሠራሁና!» አሉ።

ምን ሠራሁና! በሦስት ዓመት ውስጥ ከሠሩልኝ ሁሉ የበለጠውን በዚያች ግማሽ ሰዓት ሠርተውልኝ። ከዚያ በፊት ያየኋቸው ሰዎች በሙሉ ድምፄ እንደሻከረ ሰምተዋል። ጆሮ አላቸው፣ ሙያቸው ነው። አንዱም ግን «አቁሚ» አላለኝም። ገንዘቤን መልሰው ወደ ሌላ ሰው የላኩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እንግዲህ ለምን እንደምጽፍ ይግባችሁ።

የአንገት በላይ ሐኪሙ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ውስጡን በስክሪን አሳየኝ። ጉሮሮ ውስጥ እየተርገበገቡ ድምፅ የሚፈጥሩት ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ላይ፣ ትይዩ ሆነው፣ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች ነበሩ። ብዙ የሠራ ሰው መዳፉ ላይ መጅ እንደሚያወጣ ሁሉ የእኔም አውታሮች እርስ በርስ ከመጋጨት ብዛት መጅ አውጥተዋል ማለት ነው። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልግ መስሎኝ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የድምፅ አጠቃቀምን በማስተካከል እንደሚቀንስ ነገረኝ። ወረቀቱን ይዤ ወደ መምህሬ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ መዘመር ሳይሆን መተው ነው። ጉሮሮ መጥረግን መተው፤ እያንዳንዱ «እህ-እህም» አውታሮቹን በኃይል ያጋጫቸዋል። ከሩቅ መጣራትን መተው። ማንሾካሾክንም መተው፤ እኔ እኮ ድምፄን እያሳረፍኩ መስሎኝ እያንሾካሾክኩ ነበር የከረምኩት! ቀስ ብሎ በተፈጥሮ ድምፅ ማውራት ይሻላል አሉኝ። የምጠጣው ትኩስ ነገር አውታሮቹን እንደማይነካቸው ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው፤ ምግብና መጠጥ የሚወርድበት መንገድ ሌላ ነው። ውኃ የሚጠቅመው ቀስ በቀስ ሰውነትን ሲያረጥብ ነው፣ ስለዚህ ልምምድ ሊጀመር ሲል መጋት ሳይሆን ቀኑን ሙሉ መጎንጨት።

ቀጥሎ የመጣው ስትሮ ነው። አዎ፣ መጠጥ የሚጠጣበት ስትሮ። ጫፉን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አስገብቼ በእሱ ውስጥ እንዳንጎራጉር አደረጉኝ። ውኃው ይንቦጫረቃል፣ አረፋው ፊቴ ላይ ይረጫል፤ ከታች ተነስቼ እንደ ሳይረን ቀስ ብዬ ወደ ላይ እወጣለሁ፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። አየሩ በጠባቡ መውጫ ሲገታ ወደ ኋላ የሚመለሰው ግፊት አውታሮቹን ደግፎ ግጭታቸውን ያለዝበዋል ነው ያሉኝ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። አንዱ ጡንቻ ያሳጥራል፣ ሌላው ይስባል፣ ሲሳብ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ድምፁ ይወጣል ብለው የጡንቻዎቹን ስም ሁለት ጊዜ ነግረውኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ረስቻለሁ። የማውቀው ግን በዚያ ስትሮ ውስጥ ያለ ምንም ሕመም ያን የፈራሁትን ኖታ አልፌው እንደሄድኩ ነው። ልጄም ከጎኔ ተቀምጣ የራሷን ብርጭቆ ታንቦጫርቃለች፤ ጠረጴዛው በየቀኑ ይታጠባል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እንደገና እንድዘምር ሲፈቅዱልኝ አንድ ሐረግ ብቻ ሰጡኝ፣ ወደ ላይኛው «ላ» የሚወጣ። ዘመርኩ፤ ጉሮሮዬ እንደ ድሮው ታነቀ። ሌሎቹ ቢሆኑ «ላይኛውን ድገሚው» ባሉኝ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ላይኛው ምንም አላጠፋም» አሉኝ። «ጥፋቱ ከእሱ በፊት ያሉት ሦስቱ ናቸው። እዚያ ስትደርሺ ኖታውን ታይዋለሽ፣ ትፈሪዋለሽ፣ አየር ትሞያለሽ፣ ከዚያ የታችኛውን ድምፅሽን ክብደት ሁሉ ተሸክመሽ ትወጫለሽ። ሸክሙን ከታች ጥለሽ ውጪ።»

ሦስቱን ኖታዎች ለስለስ አድርጌ፣ ከለመድኩት ባነሰ አየር፣ አገጬን ሳላነሳ ዘመርኳቸው። አራተኛው መጣ። ትንሽ ነበር፣ እንደ ክር የቀጠነ። ግን አልታነቀም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁሉም ሰው በተሳሳተው ኖታ ላይ ሲደበድበኝ ኖሯል!

«ኢ» የሚል ድምፅ ከላይ ሲያጋጥመኝ ደግሞ ሳልሱን ወደ ኃምሱ ጠጋ አድርጊው አሉኝ። አፌን በፈገግታ ወደ ጎን ዘርግቼ «ኢ» ከማለት ይልቅ በልቤ «ኤ» እያሰብኩ መንጋጋዬን ለቀቅ አደርጋለሁ፤ የሚሰማ ሰው ቃሉን እንደ ድሮው ይሰማዋል። ይህችን ዘዴ ለጓደኞቼ አሳይቻቸው ሁለቱ ወዲያው ተጠቅመውባታል።

ስቸኩል የሚነግሩኝ ነገር አለ። የእኛ የሴቶች የድምፅ አውታር ርዝመት ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። መሣሪያ የሚቃኝበት «ላ» ሲዘመር በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል፤ የእኔ ላይኛው «ላ» ደግሞ 880 ጊዜ። «ይህን ያህል የሚሠራን ስስ ሥጋ በቁጣ ልታዥው ነው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ደግሞ ስለ ማኑኤል ጋርሺያ አጫወቱኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 በትንሽ መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን የድምፅ አውታሮች ያየ የድምፅ መምህር ነው፤ ሐኪም አልነበረም። የሞተው በ101 ዓመቱ ነው። «ዕድሜ ነው ያለሽን ሰው ይህን ንገሪው» ብለው ሳቁ። አልነገርኩትም። አንዳንዴ ግን ልነግረው ያምረኛል።

የምትዘምሩ ሁሉ፣ የምታስተምሩ፣ የምትሰብኩ፣ በድምፃችሁ እንጀራ የምትበሉ፣ እባካችሁ ወደ እሳቸው ሂዱ። ጉሮሮዬ ታነቀ፣ ድምፄ ተሰነጠቀ እያላችሁ ዝም ብላችሁ የምትገፉም ሂዱ። በሳምንት ውስጥ ተአምር የምትፈልጉ ግን አትሂዱ፤ ይመልሷችኋል። ጉንፋን ይዛችሁ ብትሄዱም ይመልሷችኋል፤ እኔን ሁለት ጊዜ ከበር መልሰውኛል። ትምህርቱ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ከዚያ በላይ አያዘምሩም፣ ብትለምኗቸውም።

ጉድለታቸውን አልደብቅም፤ ስልክ አያነሱም። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ይጠራል፣ አያነሱም። መልእክት ላኩላቸው። ድምፃችሁ ሻክሮ ከሆነም ስንት ሳምንት እንደሆነው ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።