ሦስት ቀን በሰሜን ተራሮች፦ የአስጎብኚው ካርታና የስካውቱ መስመር

ከጎንደር ተነስተን በደባርቅ በኩል ሳንቃበርን፣ ጊችንና ጨነቅን በሦስት ቀን ያዳረስንበትን የእግር ጉዞ ያዘጋጀልን አንድ አስጎብኚ ድርጅት ነው፤ ስሙን መጥቀስ አልፈልግም። ምግቡ ትኩስ፣ ድንኳኑ ደረቅ፣ በቅሎ ጫኞቹም ሰዓት አክባሪ ስለነበሩ በዚህ በኩል የምለው የለኝም። ቅሬታዬ ከጉዞው መርሐ ግብር ጋር አያይዘው በሸጡልን ካርታ ላይ ነው።

ካርታው ፓርኩን ከዳር እስከ ዳር በአንድ አረንጓዴ ቀለም ለቅልቆታል፤ ወሰኑም የድሮው ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። በኋላ ግን በጠርዙ ያሉ መንደሮችና እርሻዎች እንዲወጡ፣ ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ መኖሪያ የሚሆኑት የስልኪ፣ የቅዱስ ያሬድና የራስ ደጀን ከፍታዎች እንዲገቡ ተደርጎ ሲከለል ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ የገባው ዋልያው በመመናመኑ፣ እርሻው በመግፋቱና በውስጡ መንገድ በመሠራቱ ሲሆን፣ በ2017 ከመዝገቡ እንዲወጣ ካበቁት እርምጃዎች መካከል የወሰኑ ክለሳና የግጦሹ መቀነስ ይገኙበታል። ይህን ሁሉ የማያሳይ ካርታ ለጎብኚ መሸጥ፣ ክፍሎቹ ያልተለዩበትን የቤት ፕላን እንደ መሸጥ ነው።

ፓርኩ በውስጡ አጠቃቀማቸው በተለያየ ክልሎች መከፈሉን ያስረዳን አብሮን የተጓዘው ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ ነው። ወደ ጊች ስንወጣ ከገደሉ አፋፍ የፍየል መንጋ አይቶ ቆመና፣ «ጋሼ፣ ምን አገኙ?» ብንለው፣ «እነዚህ ለሣሩ ብቻ አይደለም የሚያሰጉን፤ ከዋልያ ጋር ሊዳቀሉም ይችላሉ» አለን። አንዱ ክልል ለምን በጥብቅ እንደሚጠበቅ፣ ሌላው ለምን ለጎብኚ ወይም ለተወሰነ ግጦሽ እንደሚተው የገባኝ ያኔ ነው። በአስተዳደር ዕቅድ የሚሰመሩት መስመሮች እረኛው በልማድ ከሚነዳበት ዱካ ጋር ካልተገናዘቡ ወረቀት ላይ ይቀራሉ።

ጊች ላይ ብዙ ቆየን። ከ400 በላይ አባወራዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ወደ ደባርቅ ከተነሱ በኋላ ጓሳው የቀድሞ የገብስ ማሳዎችን ሸፍኗል፤ ሆኖም ሣሩን በእግር ገለጥ ሲያደርጉት የትልሙ ቅርጽ ከነጎርባጣው ይታያል። የቤቶቹ የድንጋይ መሠረትም ጅብራ ከተባለው ረጅም የደጋ ተክል ሥር አለ። ለሣሩና ለዱር እንስሳቱ ውጤቱ መልካም መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በደጋ በግና ገብስ ሲተዳደር የኖረ ቤተሰብ በከተማ ምን ሠርቶ እንደሚያድር የመሬት አከላለሉ ራሱ መመለስ የነበረበት ጥያቄ ይመስለኛል። በድርጅቱ መርሐ ግብር ግን ጊች «ውብ የካምፕ ቦታ» ከመባል በቀር ሌላ መግለጫ የለውም።

ጨነቅ ስንደርስ ስካውቱ በእስክሪብቶዬ መስመሮቹን እዚያው ካርታ ላይ ሠራልን፤ በራስ ደጀን በኩል ያለውን ለማስገባት ወረቀቱ ስላልበቃው ጀርባው ላይ ቀጠለ። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጣለሁ፤ ሦስቱም ለምግብ አብሳዩና ለበቅሎ ጫኞቹ ናቸው።