ሴቭር፣ ሊሞዥ ወይስ «የድሮ ፓሪስ»?

የፈረንሳይ አሮጌ የአበባ ማስቀመጫ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ገልብጡትና ከታች ያለውን ምልክት እዩ። ሥዕሉ የትም አይሄድም። ሻጩ የሚጠራላችሁ ስም ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሴቭር፣ ሊሞዥ ወይም «የድሮ ፓሪስ»። ሁሉም ፖርሴሊን (እንደ ሲኒ ያለ ነጭ ሸክላ) ናቸው፤ ዋጋቸውና ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሴቭር የንጉሥ ቤት ዕቃ ነው። ፋብሪካው በ1740 ፓሪስ አጠገብ ቫንሴን ላይ ተጀመረ፤ በ1756 ወደ ሴቭር ተዛወረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ጠቅልሎ ገዛው። የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር የለባቸውም፤ ፈረንሳዮቹ ገና በአገራቸው አላገኙትም ነበር። «ለስላሳ» የሚባለው ፖርሴሊን ይህ ነው። ቀለሙ መስታወት መሳዩ ሽፋን ውስጥ ሰምጦ ይታያል። በጣት ስትዳስሱት ሥዕሉ የት እንደጀመረ አይታወቃችሁም። ሲያዩት ልብ ይወስዳል፤ ግን ቶሎ ይጫጫራል። ምልክቱ በሰማያዊ ቀለም በእጅ የተጻፉ ሁለት የተቆላለፉ «ኤል» (L) ፊደላት ናቸው። መሃላቸው ላይ ዓመቱን የምትናገር ፊደል ትገባለች። ጣጣው ምንድን ነው? ይህን ምልክት ያልኮረጀው የለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሴቭር መሳይ ማስቀመጫ ሥራ ራሱን የቻለ ንግድ ነበር። ባለሙያ ካላየው በሴቭር ዋጋ እንዳትገዙ።

ካኦሊኑ በ1768 ገደማ ሊሞዥ አጠገብ፣ ሳንቲርዬ ላይ ተገኘ። በ1771 ሊሞዥ ፋብሪካ ከፈተች። አዎ፣ ከፈተች፤ ሊሞዥ ከተማ እንጂ የአንድ ድርጅት ስም አይደለም። ፋብሪካዎቿ ብዙ ስለሆኑ «ሊሞዥ ነው» ብቻ ማለት ምንም አይነግራችሁም። ዕቃው በ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የተቃጠለ ስለሆነ ጠንካራ ነው። በጥፍር መታ ስታደርጉት እንደ ሲኒ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ድምፁ ከታፈነ የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለ። ከታች ሁለት ማህተም ብታዩ አትደንግጡ፦ ከሽፋኑ ሥር ያለው፣ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴው፣ የሠሪው ነው፤ ከላይ ያለው የቀቢው። የሠሪው ብቻ ካለ ነጩ ዕቃ ተሽጦ ሌላ ሰው ቀብቶት ሊሆን ይችላል። «ፍራንስ» የሚል ቃል ካለበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ ነው፤ አሜሪካ የዕቃው አገር ስም ይጻፍበት ያለችው ያኔ ነውና። «የ1850 ነው» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ፈገግ በሉለት።

የኔ ልብ ያለው «የድሮ ፓሪስ» ላይ ነው። ናስት፣ ዳጎቲና ዳርት የመሳሰሉ የፓሪስ ፋብሪካዎች ሥራ ነው። አብዛኛው ምልክት የለውም። ለገዢ ይህ ጥሩ ነው፤ የምትከፍሉት ለስም ሳይሆን ለወርቅ ቅቡና ለአንገተ ረጅም ዳክዬ መሳይ እጀታው ነው። ብዙዎቹ ጥንድ ሆነው ስለተሠሩ ነጠላው ይረክሳል። ወርቁ መታሸቱ አያሳስባችሁ። ይልቅ አንድ ነገር ተመልከቱ፦ ብዙዎቹ መብራት ለማድረግ ታቻቸው ተበስቷል። እኔ የገዛሁት ቀዳዳው በጀሶ ተደፍኖ ተቀብቶ ነበር። አበባ አስገብቼ ስነሳ ጠዋት ጠረጴዛው ረጥቧል። አሁን ደረቅ አበባ ነው ያለበት። ውሃ የሚይዝ ከፈለጋችሁ ሊሞዥ ግዙ፤ ያም ቢሆን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠይቁት።