ቱሉ ዲምቱ ላይ ልጄን ኳስ የሚያሰለጥነው የቀድሞ ተከላካይ

ልጄን ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ የቅዳሜና እሁድ የኳስ ስልጠና ካስገባሁት አራት ወር ሞላው። ጎረቤት ሁሉ እየጠየቀኝ ስለሆነ ልጻፈው።

አሰልጣኙ በክለብ ደረጃ የመሀል ተከላካይ ሆኖ የተጫወተ ሰው ነው። ልዩነቱም እሱ ነው። በፊት ከፍለን ያስገባነው ሌላ ቦታ አሰልጣኙ ልጆቹን ለሁለት ይከፍልና ኳስ ወርውሮላቸው ስልኩ ላይ ያፈጣል፣ በቃ። እዚህ ግን ልጄ መጀመሪያ እየተነጫነጨ ነበር የሚመለሰው። እሱ አጥቂ መሆን ነው የሚፈልገው፣ ኮች ደግሞ ሁሉንም በየተራ ተከላካይ ያደርጋቸዋል። «አትቸኩል! እግሩን ተወው፣ ኳሷን እያት!» ሲል ሜዳው ዳር ድረስ ይሰማል። አጥቂ ሲመጣ ፊት ለፊት መገተር የለም፤ ጎን ሰጥቶ፣ ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ፣ ቀስ እያሉ ወደ መስመር መግፋት ነው። ሸርተቴ የመጨረሻ ነው፣ አንዴ መሬት ከወደቅክ አጥቂው አልፎህ ሄዷል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ማውራት ማስተማሩን ነው። ኋላ የቆመ ልጅ ሜዳው በሙሉ ስለሚታየው «ሰው አለብህ»፣ «ውጣ»፣ «ያዘው» እያለ ሌሎቹን መምራት አለበት። ቤት ውስጥ ድምፁ የማይሰማው ልጄ እየጮኸ ጓደኞቹን ሲያሰልፍ ሳይ እንባዬ መጣ።

ኮች ፈረንሳዊውን አሰልጣኝ ኤርቬ ሬናርን አስታወሰኝ። ፈረንሳይ ውስጥ ተከላካይ ነበር፣ ስሙ የገነነም አልነበረም፣ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በጽዳት ሥራ ኖሯል። ያ ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ2012 ዛምቢያን፣ በ2015 ኮትዲቯርን የአፍሪካ ዋንጫ ያስበላው። በ2013 ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ መጀመሪያ የገጠምናት የሱን ዛምቢያ ነበር። በረኛችን በቀይ ወጥቶብን፣ በ10 ሰው አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 የወጣንበትን ቀን ማን ይረሳል!

ወደ ሜዳችን ልመለስ። አቧራው ከባድ ነው፣ ለወላጅ ጥላ የለም፣ ውሃ ከቤት ይዛችሁ ኑ። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ታኬታ ያስወልቃል። ክፍያው ግን አይከብድም፣ መክፈል ያቃተው ልጅ ሲመለስም አላየሁም። ሴት ልጆችም አሉ፣ አንዷማ መሀል ተከላካይ ሆና ማንንም አታሳልፍም።

ታናሽ እህቱን በሚቀጥለው ወር አስመዘግባታለሁ።